ስንዴ የሌለበት የልደታ ዳቦ

አማቴ ልጄን ሊወስዱ አሶሳ የመጡ ጊዜ ቤቴ ውስጥ አንድ እፍኝ ስንዴ አልነበረም። ይህን ያስቀደምኩት ነገሩ ሁሉ ከዚያ ስለሚጀምር ነው።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ባለቤቴ መንገድ ቀያሽ፣ እኔ ታይፒስት ነበርን። ለአዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች ሰው ይፈለግ ስለነበር ሁለታችንንም ከሰሜን ሸዋ አምጥተው መደቡን። መሥሪያ ቤታችን ማኅተም እንጂ ወንበር አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹን ደብዳቤዎች የጻፍኩት የጽሕፈት መኪናውን ራሱ በመጣበት የእንጨት ሣጥን ላይ አስቀምጬ፣ እኔ ደግሞ ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው። ወጣቶች ስለነበርን አልከበደንም። ግቢያችን ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበር፤ ከደጋ ለመጣ ሰው ፍሬ በነፃ ከላይ የሚወድቅበት ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ልጃችን ስንመጣ ገና በእቅፍ ነበረች። ከፍ ካለች በኋላ አንድ ክረምት ወባ ያዛት። ዳነች። ወሬው ግን ከእሷ መዳን ቀድሞ አማቴ ዘንድ ደረሰ።

በእኛ አገር የመጀመሪያ የልጅ ልጅን አያት ወስዳ ማሳደጓ የተለመደ ነው፤ ክፋት የለበትም። ባለቤቴ ራሱ ያደገው በአያቱ እጅ ነው። ስለዚህ አማቴ በአንድ የምናውቀው ሹፌር በኩል «ልጅቷን እኔ አሳድጋታለሁ፤ ለግንቦት ልደታ መጥቼ እወስዳታለሁ» ብለው ሲልኩ ማንም አልተቆጣም። ባለቤቴ «እናቴን እንዴት እምቢ እላለሁ?» አለ። እኔ ምንም አላልኩም። ዝም ማለት ልማዴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ልጅቷን ገላዋን ሳጥባት ጣቶቿን አንድ በአንድ አይ ነበር።

ስለ አማቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ኋላ ያስፈልጋል። በአገራቸው በምርቃት የታወቁ ሴት ነበሩ። የሰርግም ይሁን የማኅበር ዳቦ ሲቆረስ ቢላዋው ለእሳቸው ይሰጣል። ቢላዋውን ዳቦው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍኑና እንደ ወንዝ ይወርዳሉ። እህሉን፣ ከብቱን፣ አጥሩን፣ ጉልበቱን፣ ልጁን ሁሉ በተራ ይዳስሱታል። ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አልለወጡትም። ሰው አሜን ካለ በኋላ ደግሞ የመረቁት ነገር አይመለስም ብለው ያምናሉ።

አንድ ጊዜ በድንበር የተጣሉት ጎረቤት ነበራቸው። አጥሩን ወደ እሳቸው መሬት ገፍቷል ብለው ሊከሱት ተዘጋጅተው ሳለ በአንድ ማኅበር ቤት ዳቦ ቀረበላቸው። እንደ ልማዳቸው «እዚህ ያላችሁ ሁሉ አጥራችሁ ይጽና» አሉ። ጎረቤቱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ አሜን አለ። ክሱ እዚያው ቀረ። «አጥርህ ይጽና ብዬ መርቄ አሁን እንዴት ብዬ ላፍርስ?» አሉ። መሬታቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ባለቤቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ ይስቃል።

አማቴ ከልደታ ሳምንት ቀደም ብለው በአውቶቡስ መጡ። ከየአቅጣጫው በሚመጣ አቧራ ተሸፍነው ወረዱና ልጅቷን ሳሙ፤ ወዲያው ወደ ጣሪያው ዞሩ።

«ስንዴዬስ?»

«ምን ስንዴ፣ እማማ?» አለ ረዳቱ ከላይ።

«ጊምቢ ላይ መኪና ስንቀይር ጆንያዬን የተቀበልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ የተቀበልኩት ዶሮ ነው።»

«ዶሮውማ እስከዚህ ድረስ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ! ስንዴው ነው ድምፁ የጠፋው።»

ስንዴው ጊምቢ ቀርቶ ነበር። ለልደታ ዳቦ ብለው ለቅመው፣ አጥበው፣ አድርቀው ያመጡት ምርጥ ስንዴ። ረዳቱ ፈልጌ እልካለሁ ብሎ ማለ። አማቴ መሐላውን በዓይናቸው መዘኑትና መንገድ ጀመሩ።

ቤት ገብተው እግራቸው ታጥቦ ሲያርፉ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ክንዷን በሁለት ጣታቸው ለኩ።

«ከስታለች። ከምን ልትወፍር! ስንዴ አይበቅልም፣ ዳቦ አይጋገርም። ልደታን ዳቦ ሳልቆርስ ውዬ አላውቅም፤ ዘንድሮ ለዚህ በቃሁ። እንግዲህ ንፍሮ ቅቀሉልኝና በዓሉን ልዋል፤ በማግሥቱ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ዳቦ ይኖራል፣ እማማ» አልኩ።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ድምፄን ስሰማ ገረመኝ።

«ከምን?» አሉ።

«ከአገሩ እህል።»

«ከቀርከሃው ነው?» አሉ የግቢውን አጥር አይተው፤ ሳቁም። ልጅቷም ስለሳቁ ሳቀች።

ዳቦ ልጄን ያስቀርልኛል ብዬ አላሰብኩም። ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም። ነገር ግን ዳቦ የሌለበት አገር ተብሎ ልጄ ከቤቴ እንድትወጣ አልፈለግሁም። ሌላ የምለው ደግሞ አላገኘሁም።

በማግሥቱ ባለቤቴ ለሥራ ወደ ቶንጎ ወጣ፤ ለበዓሉ እመለሳለሁ ብሎ። እኔ ደግሞ ከጎረቤቴ ጋር ገበያ ወጣሁ። ጎረቤቴ የአገሩ ተወላጅ የሆነች የበርታ ሴት ናት፤ ቤቷና ቤታችን በአንድ የቀርከሃ አጥር ነው የሚለየው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁላችንንም «አንተ» ነው የምትለን። እኔ የእሷን ቋንቋ ከሰላምታ በላይ ስላልተማርኩ አማርኛዋ ላይ የምለው ነገር አልነበረኝም።

በመጀመሪያ የፉርኖ ዱቄት ጠየቅሁ። ከተማው ውስጥ አልነበረም፤ ዳቦ ቤቱም ከተዘጋ ሰንብቷል። ወደ እህል ተራ ሄድን። የወሎ ሰፋሪዎች ማሽላና በቆሎ፣ ጥቂት ዳጉሳም ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«እታለም፣ ለጠላ ከሆነ ይሄን ቀዩን ውሰጅ» አሉኝ አንድ ሽማግሌ ሻጭ።

«ለዳቦ ነው።»

«ለዳቦ!» አሉና ከጎናቸው ወዳለው ሰው ዞሩ። «ሰምተሃል? ስንዴ ይህን ሰምቶ እንዳያለቅስ።»

ጎረቤቴ ቀዩን ማሽላ አንስታ በጥርሷ ከፈለችው። ፊቷን አኮማተረች።

«ያ ኡክቲ፣ እህቴ፣ ይሄ ወፍ አይበላውም። ወፍ ያልበላውን አንተ ለምን ትበላለህ?»

እኔም ከፈልኩት። አፌን እንደ ጥሬ ሙዝ ያዘው። ነጩን ሞከርን፤ ይጣፍጣል። ከጆንያው ጥግ ትንሽ ጠቆር ያለ ዳጉሳ አየሁና ከእሱም ጨመርኩ። እናቴ ደጋ ላይ ለቤት ዳቦ ስንዴውን ከአጃ ጋር ቀላቅላ፣ ሳትነፋ፣ ከነገለባው ነበር የምትጋግረው። ጥቁር ዳቦ ነበር፤ ሽታው ግን እስከ መንገድ ይወጣል። ዳጉሳው ያን ጥቁረት አስታወሰኝ።

ለቅመን፣ አበጥረን፣ አጥበን በሰፌድ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። አማቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ልጅቷን ማንጎ እየላጡ ሲያበሉ ያዩናል፤ አንዳንዴም «ጠጠሩን እንዳትተዉት፤ ለክብደት ይጠቅማል» ይላሉ።

ወፍጮ ቤቱ በናፍጣ የሚሠራ አንድ ብቻ ነበር። ስንደርስ ሞተሩ ቆሞ ባለወፍጮው ቺንጋውን ያስተካክላል። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው በተራ ተቀምጠዋል። አየሩ አፍንጫ ይቆነጥጣል፤ አንዲት ሴት በርበሬ አስፈጭታ ገና መውጣቷ ነው። ይህን የወፍጮ ቤት ጣጣ የማያውቅ ካለ፦ ከበርበሬ ቀጥሎ የሚያስፈጭ ሰው የበርበሬውን ትራፊ ከዱቄቱ ጋር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ያን ጊዜ ሴቶች ሁሉ ደግ ይሆናሉ።

«አንቺ ቅደሚ» አለችኝ ተራዋ የደረሰው ሴት።

«ኧረ አንቺ መጀመሪያ መጥተሽ!»

«አይ፣ አንቺ የመንግሥት ሥራ አለብሽ።»

«ዛሬ እረፍት ነኝ።»

«እንግዲያው ነፍሰ ጡሯ ትቅደም።»

«እኔ ገና ስምንተኛ ወሬ ነው፤ ምን ያስቸኩለኛል?» አለች ነፍሰ ጡሯ።

ጎረቤቴ ነገሩ ስለገባት ቅርጫቷን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። ያን ጊዜ አዲስ የተመደበ አንድ ወጣት መምህር በቆሎ በላስቲክ ይዞ ገባ። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ «መምህር፣ ይቅደሙ!» አሉት።

«ኧረ ተራ አለ» አለ ተጨንቆ።

«እንግዳ ነዎት። እንግዳ እያለ እኛ አንቀድምም።»

መምህሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዞሮ ዞሮ አመሰገነ። «እንዲህ ያለ ሕዝብ አላየሁም» እያለ በቆሎውን አስፈጨ። እኛም አንገታችንን ደፍተን ጠበቅን። ከወጣ በኋላ ነፍሰ ጡሯ ሴት በሳቅ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ማሽላውንና ዳጉሳውን አስፈጭቼ ገባሁ። ዱቄቱ ትኩስ ነበር፤ እጅ ሲከቱበት ደስ ይላል። ለሙከራ ጥቂቱን በወንፊት ነፋሁ። የእንግዳ ዳቦ የተነፋ መሆን አለበት ብዬ ነው፤ እንደዚያ ተምሬአለሁ። ገለባውን ለዶሮ በተንኩት። በእርሾ አቦካሁ፤ አሳድሬ በሙዝ ቅጠል ጋገርኩ።

ሲወጣ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቆ ነበር። ላነሳው ስል ቁራሹ ብቻ በእጄ ቀረ። ውስጡ ደግሞ እርጥብ ነው። አማቴ ከበረንዳው ተነሥተው መጥተው አዩት።

«ይሄ ዳቦ ነው ወይስ የበጋ መሬት? ስንጥቁ እግር ያስገባል።»

«ሙከራ ነው፣ እማማ።»

«ዝናብ ቢመጣለት ጥሩ ነበር» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። አልከፋቸውም፤ እንዲያውም የተደሰቱ መሰለኝ። ልጅቷን «ደጋ ስንሄድ እኮ ይሄን የሚያህል ዳቦ አበላሻለሁ» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። እሷም እጇን ዘርግታ ለካችው።

ጓዳ ገብቼ ዕቃ አጠብኩ። የሚታጠብ ዕቃ ብዙ አልነበረም።

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል መጣች። ዶሮዎቹን አየች፤ ገለባውን አየች።

«ያ ኡክቲ፣ ዶሮ ዘመድህ ነው? ጥሩ ጥሩውን ለእሱ ትሰጣለህ፤ ለእማማ ደግሞ አመድ።»

«አገራችን ለእንግዳ ይነፋል።»

«ታዲያ እንግዳ አልበላውም» አለች። የፈረሰውን ቁራሽ አንስታ ቀመሰች። «ጣዕሙ መልካም ነው። ግን አይያያዝም። ጥሬ ዱቄት እንዴት ይያያዛል? እኛ ውሃ አፍልተን ነው የምናማስለው።»

እሷ የምታወራው ስለ ገንፎ ነው። እርሾ የሚገባበት ዳቦ ጋግራ አታውቅም። የተረፈው ቡሖ ያለበትን ዕቃ ከፍቼ ሳሳያት ደነገጠች። «ይሄ ታሟል፤ አብጧል!» ብላ እጇን ሰበሰበች። እኔ ግን «ውሃ አፍልተን» ስትል የእንጀራ አብሲት ትዝ አለኝ። ጤፍም እኮ ከሊጡ ከፍለን አብስለን ስንመልስበት ነው የሚያምርበት። ስንዴ ያንን ስለማይፈልግ ለዳቦ ማንም አያደርገውም። ማሽላ ግን ስንዴ አይደለም፤ እኔ ነኝ እንደ ስንዴ የያዝኩት።

ከዱቄቱ፣ ካልተነፋው፣ ሲሶውን ወስደን በፈላ ውሃ ገነፋን። ማማሰያውን እሷ ያዘች፤ ክንዷ ከእኔ ይበረታል። ሲበርድ ከቀረው ዱቄትና ከእርሾው ጋር አሸን። ደህና ያዘ፤ ነገር ግን ስንጎትተው አሁንም ይበጠስ ነበር። ጎረቤቴ ቆም ብላ አየችው። ቤቷ ሄዳ ትንሽ ቅል ይዛ ተመለሰች። ውስጡ ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ነበር፤ ወጣቸውን የሚያወፍሩበት። ከማንኪያ ሲያነሡት ወጡን እንደ ክር የሚያስረዝመው እሱ ነው።

«ይሄ ያስረዋል» አለች።

«ዳቦ ውስጥ ባሚያ?»

«ያበጠ ሊጥ ውስጥ ምን ይከለከላል?»

ፈራሁ። ከዚያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስንጥቅ አይመጣም ብዬ አንድ እፍኝ ጨመርኩ። ሊጡ እጃችን ውስጥ ተለወጠ። ስጎትተው ተከተለኝ። ሁለታችንም እንደገና ጎተትነው። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘን ተሳሳቅን፤ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ሊጥ ስንጎትት ልጄ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። ያን ቀን ትንሽ እንጎቻ ጋግረን ለሦስት በላነው። አልተሰነጠቀም። ለአማቴ አላቀመስኩም፤ በዓሉ ይድረስ ብዬ።

ባለቤቴ በልደታ ዋዜማ ከቶንጎ ገባ። እናቱ የልጅቷን ልብስ አጥፈው በትንሽ ሻንጣ አስቀምጠዋል። አየው። ጫማውን እያወለቀ ብዙ ቆየ።

የልደታ ዳቦና ንፍሮ የሚበላው ቤት ውስጥ አይደለም፤ ደጅ፣ ዛፍ ሥር ነው። የእኛ ማንጎ ሰፊ ጥላ ስላለው የሰፈሩ ሰው እዚያ ተሰበሰበ። ክርስቲያኑ በዓሉን ሊያከብር፣ እስላሙ ጎረቤቱን ሊያስደስት። በሥጋ ጊዜ የማይገናኘው ማዕድ በዳቦና በንፍሮ ጊዜ አንድ ይሆናል። ያ ወጣት መምህርም ማንም ሳይጠራው ከጎረቤቴ ባል ጋር መጣ።

«በቆሎው እንዴት ሆነልዎ?» አለችው ነፍሰ ጡሯ ሴት ፊቷን ሳትለውጥ።

«ይገርማችኋል» አለ መምህሩ፤ «የዚህ አገር በቆሎ በተፈጥሮው ያቃጥላል። ገንፎዬን በእንባ ነው የበላሁት።»

ሴቶቹ ወደየፊናቸው ዞሩ። አንዷ ሳል ያዛት።

ዳቦውን ከንጋት ጀምሬ ነበር የያዝኩት። ከሥር ፍም፣ በላዩ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ሌላ ፍም። ጥቁር አዝሙድ ነስንሼበታለሁ። ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ እሳቱን እየቀነሰች እየጨመረች፣ «ታማሚው እንዴት ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ቆርቆሮውን ሳነሣ ዳቦው ከፍ ብሎ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ቡናማ ነው፣ ከስንዴ ይጠቁራል። አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም። ሽታው የእናቴ ጓዳ ሽታ ነበር ማለት እችላለሁ። ሁለታችን በሰፌድ ይዘን ዛፉ ሥር አመጣነው።

አማቴ ከዱካቸው ላይ ሆነው ዳቦውን ከግራ አዩት፣ ከቀኝ አዩት። በጣታቸው መቱት። ባዶ ዕቃ የሚመስል ጥሩ ድምፅ ሰጠ።

«ከየት ያመጣሽው ስንዴ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ስንዴ አይደለም፣ እማማ። ይቁረሱትና እነግርዎታለሁ።»

ባለቤቴ ቢላዋውን በሁለት እጁ ሰጣቸው። ቢላዋውን ዳቦው ላይ አሳረፉ። ሁላችንም ተነሣን። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዓመት ዓመት ያድርሰን።»

«አሜን!»

«ከዘመን ዘመን ያሸጋግረን።»

«አሜን!» እስላሞቹም «አሚን» ይላሉ።

«የዘራችሁት ይብቀል፣ የበቀለው ይሰብሰብ፤ ጎተራችሁ አይጉደል።»

«አሜን!»

«አጥራችሁ ይጽና። ጉልበታችሁ አይዛል።»

«አሜን!»

ድምፃቸው አሁን ወርዶ ወንዙን ይዟል። እኔ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ በሰርጌ ቀን ሰምቼዋለሁ።

«ልጆቻችሁ ከጉያችሁ አይራቁ። በደጃችሁ ይደጉ፣ ዓይናችሁ እያያቸው ለወግ ለማዕረግ ይብቁ።»

«አሜን!» አለ ሰዉ። ባለቤቴ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ከሁሉም በላይ ነበር።

አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ቢላዋው እዚያው ቆመ። ልጄ በጎረቤቴ ጭን ላይ ፊቷን በማንጎ ቀብታ ተቀምጣለች። አማቴ እሷን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ምን አልኩ?»

መምህሩ ነገሩን አያውቅምና በደስታ መለሰ።

«ልጆቻችሁ ከጉያችሁ አይራቁ፣ በደጃችሁ ይደጉ አሉ፣ እማማ። በጣም ቆንጆ ምርቃት ነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሉት።

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ዛፉ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። አማቴ ቢላዋውን ተጭነው ዳቦውን ከፈሉት። አልፈረሰም። ቁራሹን አነሡ፣ አሸተቱ፣ ጎረሱ። ብዙ አኘኩ።

«ምንድን ነው ያለበት?»

«ማሽላና ትንሽ ዳጉሳ፤ ከነገለባው።»

«ምን አያያዘው?»

ጎረቤቴ ቀድማኝ «ባሚያ!» አለች።

«ባሚያ?» አሉ። የቀረውን ቁራሽ ዘወር አድርገው ተመለከቱት። «ከንግዲህ ጎመንም ትከቱበታላችሁ» አሉና እሱኑ ጎረሱ። ከዚያ ለሰዉ ሁሉ በእጃቸው እየቆረሱ አደሉ። ለጎረቤቴ የሰጧት ቁራሽ ከሁሉም ትልቅ ነበር። «አንተ በርታ» አሏት በእሷው አማርኛ፤ እሷም ከልቧ ሳቀች። ሰዉ ንፍሮውን እየዘገነ፣ ዳቦውን እየገመጠ፣ ማንጎ ከላይ እየወደቀበት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ አንዣበበ፤ ማንም አልተነሣም።

ማታ አማቴ የልጅቷን ሻንጣ ከፍተው ልብሶቿን አንድ በአንድ አውጥተው ሣጥኑ ውስጥ መለሱ። እኔ ራት አቀርብ ነበር።

«ምን ላድርግ? መርቄያለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው።

ባለቤቴ «እናቴ…» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ዝም በል። አሜንህን ሰምቼዋለሁ።»

አንድ ሳምንት ያህል ቆዩ። አውቶቡስ ተራ የሸኘናቸው ቀን ከማሽላውና ከዳጉሳው አስፈጭቼ በከረጢት፣ ጎረቤቴ ደግሞ ባሚያውን በቅል ሰጠናቸው። ባለቤቴ ልጅቷን ይዞ ትኬት ሊቆርጥ ሲሄድ ሁለታችን ቀረን። ሰው የማልጠይቅ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ጠየቅሁ።

«እማማ፣ አውቀው ነው?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እጄ ዳቦ ሲነካ አፌ በራሱ ይሄዳል። የመጀመሪያውን፣ ያን የተሰነጠቀውን ብታቀርቢልኝ ኖሮ አስቤ እናገር ነበር።» ከረጢቱን መታ መታ አድርገው ጨመሩ። «ዳቦ ሆኖ መጣብኝ።»

ረዳቱ ዕቃ እየሰበሰበ መጣ። ያው የመጀመሪያው ረዳት ነበር። ከረጢቱን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

«ይሄን ጣሪያ ላይ አትጭነውም።»

«እማማ፣ ውስጥ ቦታ የለም።»

«ጉልበቴ ቦታ ነው። አንተ ዶሮህን ጫን። ስንዴዬንም አምጣ!»

ስንዴው ክረምት ሲገባ መጣ፤ አይጥ ጥግ ጥጉን በስቶታል። ከማሽላው ጋር እኩል ቀላቅዬ ጋገርኩት። ጥሩ ነበር፤ ልጄ ግን «የዛፉ ሥር ዳቦ ይሻላል» አለች።

የሸኘናቸው ጠዋት አውቶቡሱ ወደ ባምባሲ መንገድ ሲታጠፍ አማቴ በመስኮት እጃቸውን አላወጡም፤ ከረጢቱን ይዘውበታል። ልጄ በአንድ እጇ እጄን ይዛ በሌላው እያውለበለበች ቆየች። አቧራው ሲረግብ ቀና ብላ አየችኝ።

«ራበኝ» አለች።

ወደ ቤት ሄድን።